የሆስፒታል ሮቴሽን ለምትጀምሩ የዳይቴቲክስ (የሥነ ምግብ ሕክምና) ኢንተርኖች፦ ከትሪው እስከ ቻርቱ

ቻርቱ ላይ «ጥሩ እየበሉ ነው» ይላል። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፊርማም አለው። ሮቴሽን በጀመርኩ በአራተኛው ቀን ይህን አምኜ «አሁን ባለው ምግብ ይቀጥሉ» ብዬ ኖት ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ የረሳሁትን እስክሪብቶ ልፈልግ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። የምሳው ትሪ አልጋው ግርጌ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ አልተነሳም። ከፈት አድርጌ ሳየው ሾርባው ቀዝቅዞ ላዩ ረግቷል። ታካሚው አዛውንት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ተሰክቷል፣ ጠረጴዛው ደግሞ ከእጃቸው አንድ ክንድ ይርቃል።

«አባባ፣ አልበሉም እንዴ?»

«ማን አቀረበልኝ ልጄ።»

ትሪው ሲገባ ያየው ሰው ነበር «በልተዋል» ብሎ የጻፈው። እኔም ያንኑ ገልብጬ አጸደቅኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ጀማሪ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ የታዘዘውንና የገባውን ለያዩ። ሆስፒታል ውስጥ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ደም ምርመራው፣ ስለ ራጁ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። «ትናንት በትክክል ስንት ማንኪያ ገባ?» የሚል ግን ከእናንተ ሌላ ላይኖር ይችላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚዞሩት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመግባታችሁ በፊት ያለው ሳምንት

የወረቀቱን ጣጣ ቶሎ ጨርሱት። የክትባት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የኮምፒውተር መግቢያ ፈቃድ፣ የታካሚ ምስጢር ጥበቃ ውል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ያልቃል።

ከዚያ ለሱፐርቫይዘራችሁ አጭር መልእክት ላኩ። ስንት ሰዓት ልድረስ፣ የት እንገናኝ፣ ምን ልልበስ፣ የትኞቹ ዋርዶች ላይ ነው የምሠራው፣ ምን አንብቤ ልምጣ። በቃ። የሕይወት ታሪካችሁን አትጻፉ፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው።

ንባብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙሉውን የክሊኒካል ኒውትሪሽን መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ልጨርስ ይላል፣ ግማሹን ሳያነብ ደክሞት ይገባል። የምትመደቡበትን ዋርድ ሦስት አራት ዋና በሽታዎች ብቻ ከልሱ። የኩላሊት ዋርድ ከሆነ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ፈሳሽ። የቀዶ ጥገና ዋርድ ከሆነ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ያለው አመጋገብ። ሌላው እዛው ይደርሳል።

የኪስ ደብተርም አዘጋጁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በየቀኑ የሚያስፈልጓችሁን ቁጥሮች ጻፉ። እኔ የነበሩኝ እነዚህ ናቸው፦ ሰውነት በዕረፍት ላይ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚፈጅ የሚገምተው የሚፍሊን ቀመር (ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5፤ ለወንድ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል)፣ የግሉኮስ ድሪፕ በግራም 3.4 ካሎሪ፣ 20 በመቶ የስብ ድሪፕ በሚሊ ሊትር 2 ካሎሪ፣ ፕሮፖፎል በሚሊ ሊትር 1.1 ካሎሪ። የመጨረሻው ይረሳል። ማደንዘዣው በስብ ውስጥ የተበጠበጠ ነው። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር የሚገባለት ሰው በቀን 528 ካሎሪ ሳናውቀው እያገኘ ነው ማለት ነው።

የሚያደክም ጫማ አታድርጉ። ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ነው የምትውሉት።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ቀን፣ ኩሽናው

ሁሉም ወደ ዋርድ ይሮጣል። እኔ ብሆን ሱፐርቫይዘሬን መጀመሪያ ወደ ኩሽና እንድትወስደኝ እጠይቃታለሁ። ሐኪሙ የጻፈው የምግብ ትዕዛዝ እንዴት ነው ትሪ ላይ የሚደርሰው? በኮምፒውተር? በወረቀት? በስልክ? የምሳ ትዕዛዝ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋል? ከዚያ ሰዓት በኋላ ትዕዛዝ ከቀየራችሁ ታካሚው የሚደርሰው የድሮው ትሪ ነው። ይህን የማያውቅ ኢንተርን «ትናንት አስቀይሬ ነበር እኮ» ሲል ይከርማል።

ለመዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች የሚሠራውንም ምግብ እዚያው ተመልከቱ። ኢድሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 ደረጃ ያወጣል። የመጠጥ ውፍረት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይፈተሻል። ሲሪንጁ እስከ 10 ይሞላል፣ ለ10 ሰከንድ ይለቀቃል፣ የቀረው ይታያል። ከ1 እስከ 4 ሚሊ ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ጥቂት ከፈሰሰ ደረጃ 3 ነው። አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሞክሩት። «ትንሽ ወፈር ያለ» የሚለው ቃል ለእያንዳንዱ ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ ያኔ ይገባችኋል።

ደረጃ 3፦ ቻርት ማንበብ

ጀማሪ ሲሆን አንድ ቻርት አንድ ሰዓት ይወስዳል። አትደንግጡ። ቅደም ተከተል ከያዛችሁ ከሳምንታት በኋላ ሩብ ሰዓት ይበቃችኋል። የእኔ ቅደም ተከተል ይኸው፦ ለምን ተኙ? አሁን የታዘዘላቸው ምግብ ምንድን ነው? ክብደታቸው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ? ከዚያ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ከዚያ መድኃኒት፣ በመጨረሻ የነርሶች ኖት። በነርሶች ኖት ውስጥ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ሰገራ፣ ቁስል ሁሉ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ኖት የበለጠ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ክብደት ላይ ቆም በሉ። ቻርት ላይ ያለው ክብደት ሦስት ዓይነት ነው። የተለካ፣ ታካሚው የነገረን፣ እና ካለፈው ጊዜ የተገለበጠ። ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ለአምስት ቀን አንዲት ነጥብ እንኳ ያልተለወጠ ክብደት ካያችሁ ማንም አልመዘነም ማለት ነው። እግራቸው ያበጠ ሰው ደግሞ በሚዛን ሲጨምር በሥጋ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የ64 ዓመት እናት ናቸው፣ ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር። ከሦስት ወር በፊት 68 ኪሎ ነበሩ፣ ዛሬ 61 ናቸው። ልዩነቱ 7 ኪሎ፣ ለ68 ሲካፈል 10.3 በመቶ። ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል) ብታሰሉ 22.4 ይመጣል። «ኖርማል» ብሎ የሚያልፍ ይኖራል። ግሊም የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ግን በስድስት ወር ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስን ከከባድ የምግብ እጥረት ምልክቶች ይቆጥረዋል፤ በተጨማሪ የምግብ መቀነስ ወይም የሰውነት መቆጣት ካለ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውን በመጠኑ ብቻ አትመዝኑት፣ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

የላቦራቶሪ ውጤት ላይ ያለው ወጥመድ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ነው። ዝቅ ብሎ ሲታይ «የምግብ እጥረት» ብሎ የሚደመድም ሰው አሁንም አይጠፋም። አልቡሚን በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ 20 ቀን ገደማ ነው፣ ደግሞም ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ጥገና ሲኖር ጥሩ የሚበላ ሰው ላይም ይወርዳል። ስለ በሽታው ክብደት ይነግራችኋል እንጂ ስለ ትሪው አይነግራችሁም። ይልቅ ዓይናችሁን ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዥየም ላይ አድርጉ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 4፦ አልጋው አጠገብ

ከመግባታችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ። «ሲስተር፣ አልጋ 12 ያሉትን ላናግራቸው ነው፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» ይህች ጥያቄ ከብዙ እፍረት ታድናለች። አሁን ገና ከባድ ዜና የተነገረው ሰው ዘንድ ገብታችሁ ስለ ቁርስ አትጠይቁም።

ስትገቡ ስማችሁን፣ ኢንተርን መሆናችሁንና ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። ወንበር ካለ ተቀመጡ። ከላይ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው አጭር መልስ ነው የሚያገኘው። ከዚያ «ምግብ እንዴት ነው?» አትበሉ፤ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ይሏችኋል፣ በዚሁ ያልቃል። «ዛሬ ጠዋት ትሪው ሲመጣ ላይ ምን ነበር? የትኛውን ነካ አደረጉ? የቀረውን ምን ሆነው ተዉት?» ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ መልስ በር ይከፍታል። አንዷ «ጥርሴ ወልቋል» ትላለች። ሌላው «ልክ ስበላ ለራጅ ይወስዱኛል» ይላል። ሌላው ደግሞ ማታ ማታ አስታማሚው የሚያመጣለትን ይበላል፣ ቻርቱ ላይ የለም።

አስታማሚውንም አትርሱ፣ ግን ታካሚውን አስቀድሙ። ሰው እያለ በሰው አፍ ማውራት ያስከፋል።

ከዚያ ፈቃድ ጠይቃችሁ በዓይናችሁና በእጃችሁ እዩ። ከዓይን ጎን ያለው ቦታ ገብቷል ወይ? ከአንገት በታች ያለው አግዳሚ አጥንት ጎልቶ ወጥቷል? አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጥሙ መሐላቸው ያለው ጡንቻ ይነሳል ወይስ ጎድጉዷል? ባትና ጭን እንዴት ናቸው? ቁርጭምጭሚቱን በጣት ጫን ስታደርጉት ጉድጓድ ይቀራል? የመጀመሪያዎቹን አስር ሰዎች ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር አብራችሁ እዩ። እጅ የሚማረው በማነጻጸር ነው፤ በሥዕል ብቻ አይመጣም።

በምሳሌያችን ያሉት እናት ላለፉት ስድስት ቀናት ከሚቀርብላቸው ከሩብ በታች ነው የበሉት። ያቅለሸልሻቸዋል። ቻርቱ ላይ ያለው ቃል «በመጠኑ» ነበር።

ደረጃ 5፦ ስሌቱ፣ ወዲያውም ፍሬኑ

ለብዙ ታማሚ አዋቂዎች በኪሎ ከ25 እስከ 30 ካሎሪ መነሻ ይሆናል። በ61 ኪሎ ከ1,525 እስከ 1,830 ካሎሪ። ፕሮቲን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ብንይዝ ከ73 እስከ 92 ግራም ገደማ። ኩላሊት፣ ቁስል፣ አይሲዩ ሲሆን ቁጥሩ ይለወጣል፤ ሱፐርቫይዘራችሁን ጠይቁ።

እዚህ ጋ ጎበዝ ተማሪ ይሳሳታል። ሴትዮዋ ስድስት ቀን አልበሉም፣ እንግዲህ ቶሎ ከመሐሉ ገደማ 1,650 ካሎሪ እናስገባ ይላል። ፍሬን ያዙ።

ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ነው የሚኖረው። ድንገት ካርቦሃይድሬት ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳል። ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ሴል ሲያስገባ ፎስፌትን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዥየምን አብሮ ይጎትታቸዋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በሰዓታትና በቀናት ይወርዳል። ታያሚንም (ቫይታሚን ቢ1) ያልቃል። ልብ ምቱ ይዛባል፣ መተንፈስ ይደክማል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ሪፊዲንግ ሲንድሮም የሚባለው ይህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ የወጡ የተራቡ ሰዎች እንደገና መብላት ሲጀምሩ እንደሚሞቱ ሐኪሞች ያስተዋሉት ያኔ ነው።

ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2006 ያወጣው መመሪያ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸውን እንዲህ ይለያል። ከእነዚህ አንዱ ካለ፦ ቢኤምአይ ከ16 በታች፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ከ15 በመቶ በላይ ሳያስቡት መቀነስ፣ ከ10 ቀን በላይ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት መብላት፣ ገና ሳይመገቡ የወረደ ፖታሲየም፣ ፎስፌት ወይም ማግኒዥየም። ወይም ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ፦ ቢኤምአይ ከ18.5 በታች፣ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ፣ ከ5 ቀን በላይ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት መብላት፣ የአልኮል ሱስ ወይም እንደ ኢንሱሊን፣ ኬሞቴራፒና የሽንት ማብዣ ያሉ መድኃኒቶች።

የእኛ እናት 10.3 በመቶ ቀንሰዋል፣ ስድስት ቀንም የበሉት እጅግ ጥቂት ነው ሊባል ይችላል። ሁለት ሆነ። ቢኤምአያቸው «ኖርማል» የነበሩት ሴት ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ናቸው። በናይስ መመሪያ አጀማመሩ በኪሎ ከ10 ካሎሪ አይበልጥም፣ ማለትም 610 ካሎሪ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ እያለ ይጨምራል። አስፐን የሚባለው የአሜሪካ የሥነ ምግብ ሕክምና ማኅበር በ2020 ያወጣው ምክር ለመጀመሪያው 24 ሰዓት በኪሎ ከ10 እስከ 20 ይላል። ሆስፒታላችሁ የትኛውን እንደሚከተል ጠይቁ። ታያሚኑ ከምግቡ በፊት እንዲሰጥ፣ ሦስቱ ማዕድናት በየቀኑ እንዲለኩ ለሐኪሙ ማስታወስ የእናንተ ድርሻ ነው። የሚያዝዘው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ቱቦ ሲገባ

መጀመሪያ በአፍ ሁሉም ነገር ይሞከራል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መመገብ፣ የሚጠጣ ማሟያ። ካልሆነና ቡድኑ በአፍንጫ ቱቦ ለመመገብ ከወሰነ ስሌቱ ቀላል ነው። በሚሊ ሊትር 1.5 ካሎሪ ያለው ፎርሙላ እንበል። ግቡ 1,650 ካሎሪ ከሆነ ለ1.5 ሲካፈል 1,100 ሚሊ ሊትር። በ22 ሰዓት ቢሰጥ በሰዓት 50። የመጀመሪያው ቀን ግን 610 ካሎሪ ነው፣ ማለትም 407 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 18 ገደማ።

ውኃውን አስቡ። እንዲህ ያለ ፎርሙላ ሦስት አራተኛው ገደማ ውኃ ነው። 1,100 ሚሊ ሊትሩ የሚሰጠው ውኃ 836 አካባቢ ነው። በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ብንይዝ የሚያስፈልጋቸው 1,830 ነው። ቀሪው አንድ ሊትር ያህል በቱቦው ማጠቢያ ወይም በደም ሥር መግባት አለበት።

አሁን ወደ ትሪው ጉዳይ ልመለስ። በሰዓት 50 ተብሎ ታዝዟል። ለመታጠብ ፓምፑ ቆመ፣ ለሲቲ ስካን ቆመ፣ መድኃኒት ሲሰጥ ቆመ፣ ከዚያ ማንም መልሶ አላስነሳውም። ፓምፑ ላይ የ24 ሰዓት ድምሩን ስታዩት 640 ሚሊ ሊትር ይላል። 960 ካሎሪ መሆኑ ነው፣ ከግቡ 58 በመቶ። ኖታችሁ ላይ ያለው 1,650 ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ስለዚህ ጠዋት ገብታችሁ መጀመሪያ የምትነኩት የፓምፑን ቁልፍ ይሁን፤ ለማንበብ ብቻ። ለመቀየር አይደለም፣ ያ የነርሷ ነው። የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማለቱንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ሲቆም ኢንሱሊኑ ምን እንደሚሆን ነርሷን ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ኖት

ብዙ ቦታ የሚሠራበት አካሄድ አራት ክፍል አለው። ግምገማ፣ የሥነ ምግብ ዲያግኖሲስ፣ የምናደርገው ነገር፣ ክትትል። ዲያግኖሲሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይይዛል፦ ችግር፣ ምክንያት፣ ማስረጃ። ለምሳሌ፦ «በአፍ በቂ ምግብ አለመውሰድ፤ በማቅለሽለሽ ምክንያት፤ ለስድስት ቀን ከሚቀርበው ከሩብ በታች በመብላታቸውና በሦስት ወር 10.3 በመቶ በመቀነሳቸው እንደታየው።»

ምክንያቱን ስትመርጡ ልትነኩት የምትችሉትን ምረጡ። «በካንሰር ምክንያት» ብትሉ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን እናንተ ካንሰሩን አታክሙም። ማቅለሽለሹ ላይ ግን የምትሉት አላችሁ።

«እንዲበሉ ይበረታቱ» የሚል ምክር አትጻፉ። ማን፣ መቼ፣ በምን ያበረታታል? «ትሪው ሲመጣ ነርሷ ወይም አስታማሚው ክዳን ይክፈትላቸው፤ ማሟያ 200 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለቴ፣ ከመድኃኒት ጋር» ብትሉ የሚፈጽመው ሰው አለ። ሁሉም ኖት በሱፐርቫይዘር ይፈረማል። ቀይ እስክሪብቶዋን አትፍሩ። ከእኔ የመጀመሪያ ኖት የተረፈው ቀኑ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ራውንድ ላይ መናገር

ራውንድ ማለት ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ታካሚ የሚያዩበት ነው። እዚያ ንግግራችሁ አጭር፣ በቁጥር፣ በጥያቄ የሚያልቅ ይሁን። «ዶክተር፣ አልጋ 12 ያሉት እናት ስድስት ቀን ከሚቀርብላቸው ከሩብ በታች ነው የበሉት፣ 10 በመቶ ቀንሰዋል፣ የሪፊዲንግ ስጋት አለባቸው። ፎስፌትና ማግኒዥየም ዛሬ አልተላከም። እንዲላክና ታያሚን እንዲጀመር ይታዘዝልን?» በቃ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። የማታውቁትን ከተጠየቃችሁ «አጣርቼ ከምሳ በፊት እነግርዎታለሁ» በሉ፣ ከዚያም በእርግጥ ከምሳ በፊት ንገሩ። ገምቶ የሚመልስ ኢንተርን አንዴ ከተያዘ በኋላ ትክክል ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም።

ደረጃ 9፦ ከመውጣታችሁ በፊት

የኪስ ደብተራችሁን የመጨረሻ ገጽ ክፈቱና ነገ ማንን መልሳችሁ እንደምታዩ፣ ምን እንደምታረጋግጡ በአንድ በአንድ መስመር ጻፉ። አልጋ 12፦ ፎስፌት ወጣ ወይ? አልጋ 7፦ የጠየቅነው የተፈጨ ምግብ መጣ? አልጋ 3፦ ተመዘኑ? የታካሚ ስም አትጻፉበት፣ ደብተር ይጠፋል።

ነገ ጠዋት ከራውንዱ ቀድማችሁ ግቡ። የቁርስ ትሪዎች የሚነሡበትን ሰዓት ከኩሽናው ጠይቃችሁ ያዙት፣ ትሪ ሰብሳቢው ጋሪውን እየገፋ ሳይመጣ ክዳኖቹን እያነሣችሁ እዩ።